በቶረንት ፋይል ሲጋሩ አይፒ አድራሻ ከቪፒኤን እንዳያመልጥ

በቶረንት (ሰዎች ፋይል እርስ በርስ በቀጥታ የሚለዋወጡበት ዘዴ) ፋይል የሚያወርድ ሰው አይፒ አድራሻው (የኢንተርኔት ግንኙነቱ የሚለይበት ቁጥር) ያንኑ ፋይል ለሚጋሩት ሁሉ ይታያል፤ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ሲበራ ግን የሚታየው የቪፒኤኑ ሰርቨር አድራሻ ነው። አድራሻ አመለጠ የሚባለው፣ ባለቤቱ ተሸፍኛለሁ ብሎ ሳለ የራሱ አድራሻ ሲወጣ ነው።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ክፉው ሰዓት መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ራውተሩ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል። መብራት ሲመለስ ላፕቶፑ ዋይፋዩን ወዲያው ይይዛል፤ ቪፒኤኑ ገና እየተገናኘ ሳለ የቶረንት ፕሮግራሙ ሥራውን ይቀጥላል። አድራሻው ለትራከሩ (ፋይሉን የሚጋሩትን ለሚያገናኘው ሰርቨር) እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ኪል ስዊች (ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋ የቪፒኤን አማራጭ) ይህን ለመዝጋት የተሠራ ቢሆንም፣ አንዳንዱ ኪል ስዊች የቪፒኤኑ መተግበሪያ ራሱ ከተዘጋ አይሠራም።

አስተማማኙ መፍትሔ የቶረንት ፕሮግራሙን ከቪፒኤኑ ጋር ማሰር ነው፤ ማለትም በቪፒኤኑ በኩል ብቻ እንዲገናኝ ማድረግ። ቪፒኤኑን አብርቶ፣ ኪውቢትቶረንት በተባለው የቶረንት ፕሮግራም ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብቶ «ኔትወርክ ኢንተርፌስ» (ፕሮግራሙ የሚገናኝበት መስመር) በሚለው ቦታ የቪፒኤኑን ስም መምረጥ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት። ቪፒኤኑ ሲወድቅ ማውረዱም አብሮ ይቆማል። ቪፒኤኑ የሚገናኝበት ፕሮቶኮል ከኦፕንቪፒኤን ወደ ዋየርጋርድ ከተቀየረ የኢንተርፌሱ ስም ሊለወጥና ፍጥነቱ 0 ላይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ አዲሱን ስም መምረጥ እንጂ «ኤኒ ኢንተርፌስ» ወደሚለው መመለስ አይገባም፤ ማሰሪያውን ይፈታዋል። በዚያው ኦፕሽንስ «ቢትቶረንት» በሚለው ክፍል ያለው «አኖኒመስ ሞድ» አይፒ አይደብቅም።

ዳታ ከስልክ በሆትስፖት ለሚያጋራ ሌላ ወጥመድ አለ። በተለመደው አንድሮይድ ስልኩ ላይ የበራው ቪፒኤን የስልኩን ብቻ ይሸፍናል፤ ላፕቶፑ የሚያወርደው በኔትወርኩ አድራሻ ይወጣል። ቪፒኤኑ ላፕቶፑ ላይ መጫን አለበት።

አይፒቪ6ም (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) መታየት አለበት፦ ቪፒኤኑ የቀድሞውን አይፒቪ4ን ብቻ የሚሸከም ከሆነ አይፒቪ6 በጎን ያልፋል። ቪፒኤኑ አይፒቪ6ን ካልያዘው በላፕቶፑ የኔትወርክ ቅንብር ማጥፋት ነው።

ብሮውዘር ላይ «አይፒዬ ስንት ነው» ብሎ ማየት ስለ ቶረንቱ አይናገርም። ለዚህ የተዘጋጁ የማግኔት ሊንኮች (ቶረንት የሚያስጀምሩ ሊንኮች) አሉ፤ በቶረንት ፕሮግራሙ ሲከፈቱ ትራከሩ ያየውን አድራሻ ያሳያሉ። ማሰሪያውን ለመፈተን የኡቡንቱን አይኤስኦ (በነፃ የሚሰራጭ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ፋይል) በቶረንት እያወረዱ ቪፒኤኑን ማጥፋት ነው፤ ፍጥነቱ 0 ካልሆነ አልታሰረም።