የጤና ኃላፊ የጡረታ ሽኝት በወሎ

በወሎ አንድ ሰው ወረዳ ወይም ዞን እየመራ፣ አለዚያም በምክር ቤት ተወክሎ፣ ለዓመታት በጤና ሥራ ቆይቶ ለጡረታ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ፣ ባልደረቦቹና የአገር ሽማግሌዎች ተባብረው የሽኝትና የዕውቅና መርሐ ግብር ያዘጋጁለታል። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ መርሐ ግብሩ በአዳራሽ ይካሄዳል፤ በገጠር ወረዳ ደግሞ ድንኳን ይጣላል። ንግግሩ፣ የምስክር ወረቀቱና ካባው ሌላም አገር ያለ ነው። የወሎ መልክ የሚሰጡት የሼሁና የቄሱ ምርቃት፣ ለየብቻ የሚሰናዳው ማዕድና የቅሬው (የመንደሩ ዕድር) ተሳትፎ ናቸው።

ፋይሉ ይቅደም

ሹመት በደብዳቤ ይመጣል፣ በደብዳቤ ይነሣል። ጡረታ ግን የሚታሰበው ከመጀመሪያው ቅጥር ጀምሮ ነው። ብዙዎቹ የጤና ተሿሚዎች ሥራ የጀመሩት በገጠር ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ወይም በነርስነት ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስረጃ ከወረዳ ወረዳ ሲዘዋወሩ የሚጠፋ ወረቀት ነው። የሽኝቱ ኮሚቴ ካባ ከመግዛቱ በፊት ይህን ወረቀት ቢፈልግ ይሻላል። የመውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ የሚቆጠረውም መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ላይ በሰፈረው የትውልድ ዘመን ነው፤ ኋላ የወጣ የልደት ካርድ አይለውጠውም። አበሉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የደመወዙ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ስሌት 55 በመቶ ያገኛል። መነሻው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሆን የቤትና የኃላፊነት አበል አይገባበትም። በአዳራሽ ተጨብጭቦለት የወጣ ሰው ለጎደለች አንዲት የቅጥር ደብዳቤ ወራት ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው፤ ሽኝቱን ከዚህ በላይ የሚያበላሽ ነገር የለም።

ርክክቡም ከሽኝቱ ይቀድማል። ማኅተም፣ ተሽከርካሪ፣ ኮምፒውተር፣ በጅምር ያሉ ግንባታዎች ውልና ያልተዘጋ የኦዲት ግኝት በዝርዝር ተፈራርመው ይረካከባሉ። የኦዲት ጥያቄ ሳይመለስ የሚደረግ ሽኝት ሸኚውንም ተሸኚውንም ያሳፍራል።

የሥራ ታሪኩ

ሥነ ሥርዓቱ የሚመዘነው በሽኝቱ ላይ በሚነበበው የሥራ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዋዜማው ላይ በችኮላ ይጻፍና «በእርሳቸው ዘመን ይህን ያህል ጤና ኬላ ተገነባ» በሚል ቁጥር ይሞላል። በወሎ ገጠር ጤና ኬላና የእናቶች ማቆያ የቆመው ገበሬው ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ነው፤ በማቆያው ያለው የገንፎ እህልም ከዚያው ማኅበረሰብ የመጣ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ምን እንደወሰነ ከቃለ ጉባኤው ተፈልጎ ይጻፋል፦ ቦታውን ማን መረጠ፣ በጀቱን ማን አስፈቀደ፣ የተቋረጠውን ማን አስቀጠለ። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ ያን ስም ለአንድ ዘመን ኃላፊ ማልበስ አይገባም፤ በዘመኑ የታከለውን ክፍልና ባለሙያ መጥቀስ ይበቃል።

ቁጥር ሲጻፍ የመቶኛ ወጥመድ አለ። የፔንታ 3 (አምስት በሽታ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ የሚገኝበት ወረዳ አለ። ይህ የሚሆነው የሚከተቡት ሕፃናት ብዛት በግምት ስለሚሰላ ነው፤ የግምቱ መነሻ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሰው ግን ተፈናቅሏል፣ ወደ ከተማም ገብቷል። እንዲህ ያለውን ሽፋን ከማንበብ የተከተቡትን ሕፃናት ቁጥር ከነዓመቱ ማስፈር የተሻለ ነው። ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ የተባሉ ቀበሌዎችም እንዲሁ ናቸው፦ ነፃ መሆኑን የሚያበስረው ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሕዝቡ ወደ ጫካ የተመለሰበት ቀበሌ ስም ሲነበብ፣ ከዚያው የመጣው ታዳሚ ጎንና ጎኑን ይተያያል።

የጤና መድኅን በወሎ ልዩ ቦታ አለው። መቀመጫው ሐይቅ የሆነው ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን (አባወራዎች በየዓመቱ አዋጥተው የሚታከሙበት) ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። በዚህ የሠራ ኃላፊ የሚመሰገነው በመጀመሪያው ዓመት ባስመዘገበው አባወራ ብዛት ሳይሆን በዕድሳቱ ነው። መዋጮ የሚሰበሰበው አዝመራ ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው፤ አባሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ከተባለ በቀጣዩ ዓመት አያድስም። ስለዚህ የመድኃኒት አቅርቦትን ያስተካከለ ሰው መድኅኑን አጸና ማለት ይቻላል፤ ይህ ግን በሽኝት ንግግር ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። በቆቦ፣ በቃሉና በጨፋ ቆላ ደግሞ የሚጠየቀው ወባ ነው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ስለሆነ የቤት ውስጥ ርጭቱ ክረምቱ ሳይወጣ ማለቅ አለበት፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ገንዘቡ በዝውውር እንዳይያዝ ቀድሞ ያስጨረሰ ኃላፊ ሊወሳ ይገባዋል።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደቡብና የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያ ጊዜ ኃላፊ የነበረ ሰው ታሪክ ያለዚህ አይሟላም፦ የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መልሶ መጠበቅ የቻለው መቼ ነው? የማዋለጃ ክፍሉስ?

ቀኑና ማዕዱ

የሥራ ሰዓት አይመረጥም፤ ባለሙያው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ በሽተኛ ተሰልፎ የሚጠብቅበት ሽኝት ለጤና ሰው ክብር አይሆንም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፤ ተረኞቹም ቦታቸው ይቆያሉ። ዓርብ የጁምዓ ሰላትም የክርስቲያኑ ጾምም አለበት፤ ረቡዕም ጾም ነው፤ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከናካቴው ይለፋሉ። የሰኔ መጨረሻ ሽኝት ብዙ ጊዜ የተረፈ በጀት ለመጨረስ የሚደረግ ነው፤ ታዳሚውም ያውቀዋል።

ሥጋው በሁለት ወገን፣ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ፣ ይታረዳል፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ አስተናጋጁም ይለያል። ስህተት የሚፈጠረው ከማረዱ ላይ ሳይሆን ከማቅረቡ ላይ ነው፤ አንድ ጭልፋ ከተሻገረ የአንዱ ወገን እንግዳ ሳይበላ ይነሳል። መጠጡ ቀሪቦና ብርዝ ከሆነ ለሁሉም ይደርሳል። የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን፣ ዕቃውንና ወጥቤቱን ስለሚያውቁት ለእነሱ መተው ከኮሚቴ ግዢ ወጪው ያንሳል።

ምርቃቱና ስጦታው

ሽማግሌዎች ከባለሥልጣናቱ ፊት ይቀመጣሉ። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል፤ ቄሱ ሲጸልዩም እንዲሁ። ምርቃቱ ሲጀመርና ሲያበቃ ይደረጋል፤ በመሐል ከገባ ንግግር ሁሉ ምርቃት እየሆነ ይረዝማል። የአንደኛውን ወገን አባት ዋዜማው ላይ መጥራት ደግሞ እንደ መርሳት ይቆጠራል።

ስጦታው ጋቢ ወይም ካባና የምስክር ወረቀት ነው፤ ስሙ እንደ ፋይሉ ይጻፋል። ከወንበር ሳይነሱ የሚቀበሉት ውድ ስጦታ የሥነ ምግባር ጥያቄ ስለሚያስነሳ ርክክቡ ካለቀ በኋላ መሆኑ ይህንን ይከላከላል። መዋጮው በፈቃድ ይሁን፤ ከደመወዝ በዝርዝር ተቆርጦ የተሰበሰበ ገንዘብ ምስጋናውን ያኮመጥጠዋል። የማን ስንት እንደሆነ በማይክሮፎን አይነበብም።

የሥራ ታሪኩ ከምንጮቹ ጋር በ3 ቅጂ ይታተማል፦ አንዱ ለተሸኚው፣ አንዱ ለመምሪያው መዝገብ ቤት፣ አንዱ ቀጥሎ ለሚሾመው ሰው ጠረጴዛ።