ተቃራኒ ቃል ምንድን ነው? ደጋ ያልሆነ ሁሉ ቆላ አይደለም

«የኦልድ ተቃራኒ ያንግ ነው። አለቀ።»

ሰሞኑን አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። ያንግ ማለቱ አላናደደኝም። ያናደደችኝ «አለቀ» ያላት ናት። ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህችን «አለቀ» በየዓመቱ እሰማታለሁ። ተማሪዎቼ ደብተራቸውን መሃል ለመሃል ያሰምሩና ግራ ቃሉን፣ ቀኝ ተቃራኒውን ይደረድራሉ። አንድ ለአንድ፣ እንደ ባልና ሚስት።

ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሰው ኦልድ ነው፤ ተቃራኒው ያንግ። እዚህ ልክ ነህ። ያረጀ ጫማም ኦልድ ነው። አዲስ ስትገዛ ያንግ ጫማ ገዛሁ ትላለህ? ኒው ነው እንጂ። ኦልድ ፍሬንድ ደግሞ የቆየ ወዳጅ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅም ኦልድ ፍሬንድ ሊኖረው ይችላል። ድራይን እንይ። ለልብስ ሲሆን ተቃራኒው ዌት ነው፣ ለፀጉር ኦይሊ፣ ለወይን ጠጅ ስዊት። ስዊት ብዬ ክፍል ውስጥ ስናገር ይስቃሉ። እነሱስ የደረቅ ሰው ተቃራኒ እርጥብ ሰው ነው ይላሉ እንዴ? ተቃራኒ የሚፈለገው ለትርጉም ነው፤ አንድ ቃል ደግሞ አምስት ትርጉም ሊሸከም ይችላል። ላይት ቀላልም፣ ብርሃናማም ማለት ነው፤ ስልክህ ላይ ተቃራኒውን ስትፈልግ ሄቪ (ከባድ) እና ዳርክ (ጨለማ) በአንድ ረድፍ የሚመጡልህ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን አንብብ።

ሌላው የሚያበሽቀኝ «አይደለም»ን ከተቃራኒ ጋር ማምታታት ነው። ሆት ካልሆነ ኮልድ ነው ይሉሃል።

እስቲ ከደብረ ብርሃን የደሴን መንገድ ያዝ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጋቢ ያልተከናነበ የለም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስታወቱን ያለብሰዋል። ዋሻውን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ትተህ ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ ጋቢው ጭን ላይ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ውሃ ሻጩን በመስኮት ትጣራለህ። ደጋና ቆላ ተቃራኒ ናቸው። ግን ደጋው አለቀ ማለት ቆላ ደረስን ማለት አይደለም፤ መሃል ላይ ወይና ደጋው አለ። ሆትና ኮልድም እንዲሁ ናቸው፤ በመሃላቸው ዋርምና ኩል አሉ። ሻይህ ሆት ካልሆነ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። ጫፎቹም የመጨረሻ አይደሉም። ከደጋው በላይ የጓሳ ውርጭ አለ፤ እሱ ፍሪዚንግ ነው። ከቆላው ወዲያ በረሃው አለ፤ ቦይሊንግ በለው።

ዴድና አላይቭ፣ ሙትና ሕያው ማለት ነው፣ ግን ወይና ደጋ የላቸውም። እንደ ጣርማ በር ዋሻ ናቸው፤ ወይ ውስጥ ነህ ወይ ውጭ። (አፉ ላይ የቆመ መኪናስ ካላችሁኝ፣ ምሳሌ ነውና እለፉኝ።) ሦስተኛው ዓይነት ዳገትና ቁልቁለት ነው። መንገዱ ያው አንድ ነው፤ ከሮቢት ለሚመጣው ዳገት፣ ከእኛ ለሚሄደው ቁልቁለት። ባይና ሴል እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ካልሸጠ ሌላው አይገዛም። ሌንድና ቦሮውም እንዲሁ። አማርኛችን ሁለቱን ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል፤ አዋሰ፣ ተዋሰ። ለዚህ ይመስለኛል ልጆቹ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» እያሉ እስክሪብቶ የሚጠይቁኝ። እሰጣቸዋለሁ፤ አርሜ ነው ግን።

እዚህ ላይ የሙያ አመል ሆኖብኝ ልጨምር። ጥንቁቅ የቋንቋ ሰዎች አንቶኒም (ተቃራኒ ቃል በእንግሊዝኛ) የሚለውን ስም ወይና ደጋ ላላቸው ጥንዶች ብቻ የሚያስቀሩበት ጊዜ አለ። ቃሉ ራሱ እንግሊዝኛ ውስጥ የታየው በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ስለሆነ ያን ያህል የጥንት አይደለም። ደግሞ ጥንዶቹ እኩል አይደሉም። «ሃው ኦልድ» ተብሎ ሕፃንም ዕድሜው ይጠየቃል፤ «ሃው ያንግ» ብሎ የሚጀምር ግን ብርቅ ነው። እኛም የአጭር ገመድ ርዝመት ስንት ነው እንላለን። እጥረቱ ስንት ነው ብትል ሌላ ነገር ጎደለ እንዴ ይሉሃል።

«ኢን» ፊት ላይ ከተለጠፈ ቃሉ ይገለበጣል የሚለው ደግሞ ከሁሉም ያስፈራኛል። ኢንቫሉአብል ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም፤ ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው። ኢንፍላማብል ደግሞ ከፍላማብል ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ተቀጣጣይ ማለት ናቸው። «ኢን»ዋ እዚያ የመጣችው ማቀጣጠል ከሚለው ግስ ጋር ነው። አንድ ተማሪዬ «የማይቀጣጠል» ብሎ ጽፎ አግኝቼ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ክፍሉን በሙሉ አስቆምኩ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ላይ ይህን ቃል አንብቦ አጠገቡ ክብሪት የሚጭር ሰው ታየኝ።

ቅድም ያ አስተያየት ሰጪ መልሶ ጻፈልኝ። «እሺ፣ የብሉ ተቃራኒስ ምንድን ነው?»

የለውም። ማክሰኞም የለውም።