የከሸፈ የጥርስ ሥር ሕክምና እንደገና ሲሠራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነርቩ ወጥቶ ሥሩ የተሞላ ጥርስ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲያም፣ ወይም ድዱ ላይ መግል የቋጠረች ትንሽ እብጠት ስትወጣ፣ ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ለማስነቀል ቆርጦ ነው። መነቀል ያለበት ጥርስ በእርግጥ አለ። መዳን እየቻለ በተሳሳተ ወሬ የሚነቀለው ግን ያሳዝነኛል።

«መጀመሪያ ያልያዘ ሕክምና ሁለተኛም አይዝም»

ከሁሉም ወሬዎች ይበልጥ ጥርስ የሚያስነቅለው ይህ ነው። የለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አካል ጤናማ ሆኖ የተገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ከታከሙት 83 በመቶ በሚሆኑት፣ እንደገና ከታከሙት ደግሞ 80 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ አፍ ውስጥ የቆዩት ጥርሶች በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ገደማ ናቸው።

ልዩነቱ ይህን ያህል የጠበበው የመጀመሪያው ሕክምና የከሸፈበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተፈልጎ የሚገኝና የሚታረም ስለሆነ ነው። የላይኛውን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ እንውሰድ። ሥሮቹ ሦስት ናቸው፤ በውስጣቸው ያሉት ቦዮች ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። አራተኛው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በዓይን ብቻ ሲፈለግ ይታለፋል፤ ሳይጸዳ በቀረው ቦይ ውስጥም ባክቴሪያ ይኖራል። በማይክሮስኮፕና ጥርሱን በሦስት አቅጣጫ በሚያሳይ ራጅ የተደበቀው ቦይ ይገኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሌቱ የሥሩ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል፣ ወይም የላዩ መሙያ ተሰንጥቆ ምራቅ ከነባክቴሪያው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንደ ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግብ በጠፋበት፣ በተሞላ ሥር ውስጥ እንኳ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላሉ። ስለዚህ ለሐኪሙ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይድናል ወይ?» ሳይሆን «ለምን ከሸፈ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

መልሱም ዕድሉን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የጣሊያን ጥናት እንደገና የታከሙ ጥርሶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያው ሥራ የቦዩ ተፈጥሯዊ መንገድ ሳይበላሽ የቀረላቸው 87 በመቶ ገደማ ሲሳካላቸው፣ መንገዱ የተዛባባቸው ግን 47 በመቶ ብቻ ተሳክቶላቸዋል። ሥሩ የተበሳ ወይም ቦዩ ያለ መስመሩ የተቦረቦረ ከሆነ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ በግልጽ ሊናገር ይገባል።

«ነርቩ ስለወጣ ካላመመ ደኅና ነው»

የሥሩ ጫፍ ኢንፌክሽን ያለ ምንም ሕመም አጥንት እየበላ ሊቆይ ይችላል፤ የሚታወቀውም በራጅ ነው። በሌላ በኩል፣ ሥሩን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች የራሳቸው ነርቭ ስላላቸው ነርቩ የወጣ ጥርስም ሲነክሱበት ሊያም ይችላል።

«አንቲባዮቲክ ይበቃዋል»

አይበቃውም። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ሥር ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። እብጠቱ ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል፣ ምንጩ ግን እዚያው ነው።

«ራጅ ላይ ጥቁሩ ካልጠፋ ከሽፏል»

በሥሩ ጫፍ የሚታየው ጥቁር ጥላ አጥንት የጠፋበት ቦታ ነው፤ አጥንት ደግሞ ቀስ ብሎ ይሞላል። የአውሮፓ የጥርስ ሥር ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ በራጅ እንዲታይ፣ ካልጠፋም እስከ 4 ዓመት ክትትሉ እንዲቀጥል ይመክራል። ሕመም ከሌለና ጥላው እየጠበበ ከሆነ በስድስተኛው ወር ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው።

«እንደገና ከመክፈት የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ይሻላል»

እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ቀዶ ሕክምናው (78 በመቶ) ከድጋሚ ሕክምናው (71 በመቶ) መብለጡን አሳይቷል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲታይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ድጋሚው 83፣ ቀዶው 72 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም ጫፉን መቁረጥ ያልጸዳውን ቦይ አያጸዳም። ቦዩ በሚገባ ተሞልቶ ሳለ ችግሩ ከቀጠለ፣ ወይም በሥሩ ውስጥ የተተከለውን ብረት ማውጣት ጥርሱን የሚሰብር ከሆነ ግን ቀዶው ተመራጭ ይሆናል።

«ሥሩ ከተሞላ ሥራው አልቋል»

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሥራቸው ታክሞ ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚያለብስ ሽፋን) ያልተደረገላቸው ጥርሶች ከተደረገላቸው በ6 እጥፍ ይበልጥ እንደሚነቀሉ አሳይቷል። በተለይ መንጋጋ ጥርስ ያለ ሽፋን ለወራት መቆየት የለበትም።

«ጥሩ ሐኪም ከተገኘ የማይድን ጥርስ የለም»

ይህም ልክ አይደለም። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ድጋሚ ሕክምናም ሆነ ቀዶ አያድነውም። ከሥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሐኪሙ በድድና በጥርስ መካከል የሚያስገባት ቀጭን መለኪያ ጠልቃ ስትገባ ስንጥቅ ይጠረጠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚረጋገጠው ጥርሱ ተከፍቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፣ ስንጥቅ ቢገኝ ሥራው እዚያው ቆሞ ጥርሱ እንደሚነቀል ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።