የክኑድሰን ፓምፕ ምንድን ነው?

መርካቶ ወርዳችሁ ፓምፕ ብትጠይቁ የሚወጣላችሁ ሁሉ የሚሽከረከር ወይም የሚመላለስ ነገር አለው። የክኑድሰን ፓምፕ ውስጥ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሞተር የለ፣ ፒስተን የለ፣ የሚያልቅ ጎማ የለ። አንዱን ጎኑን ታሞቁታላችሁ፣ ሌላው ቀዝቀዝ እንዳለ ይቆያል። አየሩም ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ይሄዳል።

አዎ፣ ወደ ሙቁ። የተገለበጠ ይመስላል አይደል? ነገሩ ያለው ሁለቱን ጎኖች ከሚያገናኘው ቀዳዳ ጥበት ላይ ነው። የአየር ሞለኪውሎች ሁልጊዜ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በባሕር ጠለል አንዱ ሳይጋጭ የሚጓዘው በአማካይ 70 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ብቻ ነው። ቀዳዳው ከዚህ ከጠበበ መገፋፋቱ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ከግድግዳው ጋር ብቻ እየተላተመ ያልፋል። በሁለቱም ጎን ግፊቱ እኩል ነው እንበል። ቀዝቃዛው አየር ታምቋል፣ ስለዚህ ወደ ቀዳዳው የሚገቡት ከእሱ በኩል ይበዛሉ። የሙቁ ጎን ሞለኪውሎች ፈጣን ናቸው፤ ግን ቁጥራቸው አንሷል፣ ፍጥነታቸውም ጉድለቱን አይሞላውም።

በነገራችን ላይ ይህ ለአዲስ አበባ ያደላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞለኪውሎቹ ሳይጋጩ የሚጓዙት ርቀትም በሲሶ ያህል ይረዝማል። ፒያሳ ላይ የሚሠራ ፓምፕ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ቢልም ችግር የለውም።

ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ማርቲን ክኑድሰን ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ነው። የእሱ ቱቦዎች ሰፊ ስለነበሩ ጋዙን በጣም ማሳሳት ነበረበት። ዛሬ ኤሮጄል የሚባል ቀዳዳው 20 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቁስ ስላለ በተራ አየር ይሠራል።

ጉልበቱ ግን ያን ያህል አይደለም። አንዱ ጎን 27፣ ሌላው 127 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ የግፊቱ ልዩነት ቢበዛ 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ በርካታ ፓምፖችን አከታትሎ መደርደር ግድ ነው። ኃይልም ይበላል፤ ሙቀቱ በቁሱ ውስጥ እየሾለከ ቀዝቃዛውን ጎን ያሞቀዋል።

ጎማ ለመንፋት አታስቡት። እኔ ግን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የመኪና ጭስ የሚለካ፣ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ውስጥ ባየው ደስ ይለኛል። እዚያ የሚፈለገው ጥቂት አየር በቀስታ መሳብ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ተፋፍቆ የሚያልቅ ዕቃም የለውም።