ጠቅላላ ውክልና ሁሉን ያስችላል?

ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ ሰው ለጠበቃው «ጠቅላላ ውክልና» ሰጠ እንበል። ሁሉን ነገር አስረክቤያለሁ ቢል አይፈረድበትም። ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ዕዳ መሰብሰብ፣ ቤት እስከ 3 ዓመት ማከራየት፣ ለሽያጭ የተዘጋጀውን ጤፍና በቆሎ መሸጥ ይቻላል።

ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ መክሰስ፣ ተከሶ መከራከር ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። መታረቅም እንዲሁ! ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ስንቱ የንግድ ጠብ በሽማግሌ ያልቃል። ጠበቃው ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ «ግማሹን ክፈሉንና ይብቃን» ማለት የሚችለው፣ የመታረቅ ሥልጣኑ ውክልናው ላይ በግልጽ ከተጻፈ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ቃል ፈልጉት፤ ከሌለ አስጽፉ።