አሽዋጋንዳ ምንድን ነው? በአጥር ጥግ ከሚበቅለው ግዛዋስ በምን ይለያል?

አሽዋጋንዳ በህንዱ የአዩርቬዳ ሕክምና ለድካም፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለጭንቀት የሚሰጥ የቁጥቋጦ ሥር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፈራ ይባላል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በካፕሱል፣ በገልፍ አገራት ባሉ የህንድ ሱቆች ደግሞ በዱቄት ይሸጣል። ተክሉ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ግዛዋ (አንዳንዱ ጊዜዋ የሚለው) እሱ ራሱ ነው። ይህን የሰማ ሰው «በዶላር የሚገዛው ነገር ደጃችን ላይ በነፃ በቅሏል» ቢል አይፈረድበትም። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ግዛዋ የድንች፣ የቲማቲም፣ የእምቧይና የአስተናግር ወገን ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ግንዱና ቅጠሉ በጥቃቅን ነጫጭ ፀጉር ስለሚሸፈን ከሩቅ ሲታይ አቧራ የጠገበ ይመስላል። አበባው ትንሽ፣ አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ሆኖ በቅጠሉ ብብት ስለሚሸጎጥ ዓይን ውስጥ አይገባም። የማያሳስተው መለያ ፍሬው ነው፤ የአተር ያህል ሆኖ ሲበስል ይቀላል፣ ዙሪያውንም የሳሳ ደረቅ ገለፈት እንደ ከረጢት ይይዘዋል። ፍሬ ሳያፈራ በቅጠሉ ብቻ ገምቶ መንቀል አይመከርም። ከወገኖቹ አንዱ የሆነው አስተናግር ሰውን የሚያስቀባጥርና የልብ ምትን የሚያዛባ መርዝ አለው።

በኢትዮጵያ የግዛዋ ሥርና ቅጠል ደርቆ ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ ይታጠናል፣ በየአካባቢውም ለተለያየ ሕመም ይውላል። አዩርቬዳ በአፍ የሚሰጠው ግን ሥሩን ነው፤ ቅጠሉ ባህላዊ ቦታው ከላይ፣ ያበጠ አካል ላይ ተወቅጦ መለጠፍ ነው። ልዩነቱ የልማድ ብቻ አይደለም። በተክሉ ውስጥ ዊታኖላይድ የሚባሉ ብዙ ውህዶች አሉ። ከእነሱ መካከል ዊታፌሪን ኤ የተባለው በቅጠሉ ውስጥ ይበዛል፣ ሕዋስንም ይገድላል። የካንሰር ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ለዚሁ ጠባዩ ነው፤ ጤነኛ ሰው ቅጠሉን በየቀኑ አፍልቶ ቢጠጣ ግን ያ ጠባይ የራሱን ሕዋስ ነው የሚያገኘው። የአገሪቱን ባህላዊ ሕክምና የሚመራው የህንድ የአዩሽ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 አምራቾች ቅጠሉን እንዳይጠቀሙ ያሳሰበው ያለ ነገር አልነበረም። ሥር ለማግኘት ተክሉን ከነነፍሱ መንቀል ግድ ነው፤ ቅጠሉ ግን ትርፍ ሆኖ ይቀራል፣ ርካሽም ነው። በዱቄት ውስጥ የሚደባለቀውም ለዚህ ነው። ንጹሕ የሥር ዱቄት ክሬም ወይም ፈዛዛ ቡናማ መልክ አለው፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ ቅጠል ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በካፕሱል ብልቃጥ ላይም «ሩት» (ሥር) ብቻ የሚለውን «ሩት ኤንድ ሊፍ» (ሥርና ቅጠል) ከሚለው መለየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ሥሩን ከደጅ ነቅሎ መውቀጥስ? እዚህ ላይ አዝመራው ራሱ መልስ ይሰጣል። ገበያ ላይ ያለው አሽዋጋንዳ በአብዛኛው የሚመጣው ከህንድ ነው፦ ከማድያ ፕራዴሽ ግዛት የኒሙችና የማንድሳውር አካባቢዎች፣ እንዲሁም ከራጃስታን ግዛት፤ በራጃስታን ያለው የናጎር ሥር በተለይ ይፈለጋል። ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰ በኋላ፣ አሸዋ በቀላቀለና ውሃ በማያቁር መሬት ላይ ይዘራል። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ዘር ይበቃል። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ከ150 እስከ 180 ቀን በኋላ ቅጠሉ ሲደርቅና ፍሬው ሲቀላ ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ሥሩ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚልና ውስጡ ነጭ የሆነ ሥር አንደኛ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት ወይም ቢጫ የሆነው ወደ ታች ይወርዳል።

በዱር ያለው ግዛዋ ግን ዓመታት የኖረ ነው። ሥሩ እንጨት ሆኗል፣ ስታርቹ አንሷል፣ ሲወቀጥም ጭረት ይበዛበታል። የኬሚካል ይዘቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። እስራኤል ውስጥ ተክሉን ያጠኑ ኬሚስቶች በዚያች ትንሽ አገር ብቻ በዊታኖላይድ ዓይነታቸው የሚለያዩ ሦስት ዘሮች ለይተዋል፤ በመልክ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ለህንድ የእርሻ ሥር የተቀመጠን መጠን ለደጅ ግዛዋ እንዳለ ማዋል መስፈሪያ ሳይዙ እንደ መስፈር ነው።

መጠኑን በተመለከተ ትልቁ ስሕተት ዱቄትንና ጭማቂን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ጭማቂ ስንል በካፕሱል ያለውን፣ በፋብሪካ ተጨምቆ የደረቀውን «ኤክስትራክት» ማለታችን ነው። የህንድ የአዩርቬዳ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒቶችን ደረጃና መጠን የሚወስነው መዝገብ) የሥር ዱቄቱን በቀን ከ3 እስከ 6 ግራም ይፈቅዳል። ጥናቶች የተጠቀሙበት ጭማቂ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ250 እስከ 600 ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 0.5 በመቶ ዊታኖላይድ ያለው 3 ግራም ዱቄት 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ 5 በመቶ ያለው 300 ሚሊ ግራም ጭማቂም ያንኑ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። «ዱቄቱን 3 ግራም ነው የምወስደው» ብሎ የለመደ ሰው ከጭማቂው 3 ግራም ቢወስድ አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በአንጻሩ 300 ሚሊ ግራም ተራ ዱቄት በካፕሱል ሞልቶ የሚሸጥም አለ፤ ያ ደግሞ ከገንዘብ ብክነት አያልፍም። ብልቃጡ ላይ «10 ለ 1» ተብሎ የተጻፈውም ብዙ አያስረዳም፤ ስንት ኪሎ ሥር ገብቶ አንድ ኪሎ እንደወጣ እንጂ ዊታኖላይዱ ስንት በመቶ እንደሆነ አይናገርም። መፈለግ ያለበት የመቶኛው ቁጥር ነው።

በባህላዊው አሠራር ዱቄቱ በወተት ይፈላል። መስፈሪያው አንድ እጅ ዱቄት፣ ስምንት እጅ ወተት፣ ሠላሳ ሁለት እጅ ውሃ ነው፤ ለ5 ግራም ዱቄት 40 ሚሊ ሊትር ወተትና 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ውሃው ተንኖ ወተቱ ያህል ብቻ እስኪቀር በዝግታ እሳት እየተማሰለ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠለላል። እሳት ከበዛበት ወተቱ ከታች ይያዝና ምሬቱ ላይ የቃጠሎ ጣዕም ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ ማታ ይጠጣል። በባዶ ሆድ የወሰደው ሰው ማቅለሽለሽ ወይም ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፤ ከምግብ በኋላ ማድረግ ይህን ይቀንሳል።

ይሠራል ወይ? ለጭንቀትና ለእንቅልፍ በመጠኑ የሚረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ህንድ ውስጥ በ64 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት 300 ሚሊ ግራም የሥር ጭማቂ በቀን ሁለቴ ለ60 ቀን የወሰዱት ሰዎች የጭንቀት መለኪያቸውና በደማቸው ያለው ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን መቀነሱን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸው፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የቆዩ ናቸው። ዛሬ ወስዶ ዛሬ ማታ ለመተኛት የሚጠብቅ ሰው አያገኝበትም። ከሦስት ወር በላይ በየቀኑ መውሰድ ደኅና ነው የሚያሰኝ በቂ ማስረጃም የለም። ለስኳር፣ ለመካንነትና ለካንሰር «መድኃኒት ነው» እየተባለ የሚነገረው ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ወሬ ነው።

ጉዳቱ በብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ቀላል አይደለም። ከአይስላንድና ከአሜሪካ በተመዘገቡ ታማሚዎች ላይ የጉበት ጉዳቱ የታየው መውሰድ ከጀመሩ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ካቆሙ በኋላ በወራት ውስጥ አገግመዋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ተክሉን በምግብና በሰፕሊመንት ውስጥ ከልክላለች። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ልትወስደው አይገባም። የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ስለሚያደርግ የእንቅርት እጢያቸው ከመጠን በላይ ለሚሠራ ሰዎችም ሆነ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ መድኃኒት ለሚወስዱ አይሆንም፤ ሁለተኞቹ ሳያውቁት መድኃኒታቸው የበዛባቸው ያህል ልባቸው ሊመታ፣ ክብደታቸው ሊቀንስ ይችላል። ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ድብታን ያበዛል፣ ከስኳርና ከደም ግፊት መድኃኒት ጋር ልኩን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱትን በሽታ የመከላከል አቅምን የሚገታ መድኃኒትም ሊያዳክም ይችላል።

የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ሰውነት ያለ ሽፍታ ማሳከክ ከጀመረ ያኔውኑ ማቆምና የጉበት ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ሐኪም «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ብዙ ሰው ዕፅዋትን ከቁጥር አያስገባም፤ ስለዚህ ብልቃጡን ወይም የዱቄቱን ከረጢት ይዞ መሄድ ይሻላል።