ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብላ የምትሰማበት ዜማ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታችን ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሜትሱ አማላሪዮስ የላቲኑን ቅዳሴ ሥርዓት ሲያብራራ ዓይኑን በመዘምሩ እጅ ላይ ያሳርፋል። መልእክቱ ከተነበበ በኋላ መዘምሩ ወደ ደረጃው ይወጣል፤ በእጁም ብዙውን ጊዜ ከአጥንት የሚሠሩ ሰሌዳዎችን ይይዛል። የሚይዛቸው ግን ለማንበብ አይደለም፤ መዝሙሩን በቃሉ ያውቀዋል። የላቲን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ዝማሬ ስለሆነው ስለ ጎርጎርዮሳዊ ዜማ መጻሕፍት ለመማር ከዚህ መነሣት ይሻላል እላለሁ። የመጻሕፍቱን ስም መደርደር ቀላል ነው፤ ማንን ሊያገለግሉ እንደ ተዘጋጁ ካላወቅን ግን ስማቸው ብቻውን አይጠቅመንም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እንዲህ ያለው የመዘምር መጽሐፍ ካንታቶሪዩም ይባላል። ከሁሉ የታወቀው በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ጋል ገዳም ቤተ መጻሕፍት በቁጥር 359 ተመዝግቦ የሚገኘው ነው፤ የተጻፈው በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ጠበብ ብሎ የረዘመ፣ በተቀረጸ የዝሆን ጥርስ የተሸፈነ መጽሐፍ ነው። ውስጡን ያየ ሰው ከቃላቱ በላይ ጭረቶች፣ ነጥቦችና ጠምዘዝ ያሉ ምልክቶች ያገኛል፤ ኔውማ ይሏቸዋል። የተሰመረ መስመር የለም፤ ድምፁ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ገጹ አይናገርም። በምልክቶቹ አጠገብ ግን ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ አንዷ "ፍጠን"፣ ሌላዋ "ያዝ አድርገው" ትላለች። ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ከዚህ ገጽ አንድ ሐረግ እንኳ ማዜም አይችልም። የአብነት ትምህርት ቤት ያየ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ በድጓው ከፊደሉ በላይ የተቀመጡት ምልክቶችም ከየኔታ እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው ዝም ይላሉ።

ዜማው የሚጠራው ከ590 እስከ 604 በመንበረ ጴጥሮስ በተቀመጡት በታላቁ ጎርጎርዮስ ስም ነው። በጥንታውያን ሥዕሎች ላይ እርግብ በጆሯቸው ስትናገር ይታያሉ። የታሪክ ሊቃውንት ግን ነገሩን ከዚያ ዘግየት አድርገው ያዩታል። በ754 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) እስጢፋኖስ ዳግማዊ ወደ ፍራንኮች ምድር፣ ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ሄደው ንጉሥ ፔፒንን ከቀቡ በኋላ የሮም ዝማሬ በዚያ አገር እንዲጸና ነገሥታቱ ተጉ፤ የአገሩ መዘምራን የሮምን ዜማ ሲማሩ የራሳቸውን ጠባይ ጨመሩበት፤ ዛሬ ጎርጎርዮሳዊ የምንለው ከዚህ መገናኘት ተወለደ ይላሉ። ይህ የዜማውን ክብር ይቀንሳል ብዬ አላምንም። መንፈስ ቅዱስ በአንድ ጳጳስ ጆሮ የሚናገረውን ያህል ስማቸው ባልተጻፈ መነኮሳት ጉሮሮም ይሠራል።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሬዞው መነኩሴ ጊዶ መጣ። በመስመሮች ላይ ድምፅን የማስቀመጥ ዘዴውም ተማሪ ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር ከገጹ እያየ እንዲያዜም አስቻለው። ታላቅ ትርፍ ነው፤ ኪሳራም ነበረው። የድምፁ ከፍታ በግልጽ ሲጻፍ፣ "ፍጠን" እና "ያዝ አድርገው" የሚሉት ጥቃቅን ምልክቶች ቀስ በቀስ ከመጻሕፍቱ ጠፉ።

መጻሕፍቱን በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ግራዱዋሌ በየዕለቱ የሚለዋወጡትን የቅዳሴ መዝሙራት ይይዛል። አንቲፎናሌ የጸሎተ ሰዓታት መጽሐፍ ነው። ኪርያሌ ቃላቸው የማይለወጠውን፣ ማለትም "ኪርዬ ኤሌይሶን"፣ "ግሎርያ"፣ "ክሬዶ"፣ "ሳንክቱስ" እና "አኙስ ዴይ" የሚሉትን ይሰበስባል። ሊበር ኡዙዋሊስ የሚባለውን በፈረንሳይ የሚገኘው የሶሌም ገዳም መነኮሳት በ1896 አሳተሙት፤ ከቅዳሴውም ከሰዓታቱም የሚያስፈልገውን በአንድ ያጣመረ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ለመሸከም ከባድ፣ ለመዘምር ግን ወዳጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቅዳሴው መዝሙራት ዓይነታቸው የሚለየው ሰው በዚያ ሰዓት በሚያደርገው ነገር ነው። ኢንትሮይቱስ የሚሉት የመግቢያ መዝሙር ካህኑ ወደ መንበረ ታቦቱ ሲሄድ ይዘመራል። ኦፈርቶሪዩም መባው ሲቀርብ፣ ኮሙኒዮ ምእመናን ሥጋውንና ደሙን ለመቀበል ሲሄዱ ይዘመራሉ። ሦስቱም እግር ከመንቀሳቀሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። በንባባቱ መካከል የሚመጡት ግራዱዋሌና አሌሉያ ግን ከዚህ ይለያሉ። (የመጽሐፉም የመዝሙሩም ስም አንድ በመሆኑ አትደናገሩ።) የመዝሙር ዳዊት ጥቅስ በቀስታ ይዘረጋል፤ በአንዲት ፊደል ላይ ብዙ ድምፅ ይፈስሳል፤ በዚያ ሰዓት የሚሄድ የለም፣ የሚቀርብ ነገርም የለም። ረጅሙና እጅግ ያጌጠው ዜማ የተሰጠው ሁሉም ቁጭ ብሎ ለሚሰማበት ሰዓት ነው! ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። መስማት ራሱ አምልኮ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን የዜማዋን ምርጥ ክፍል ለምን እዚያ ታስቀምጠዋለች?

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ ይህ ጎልቶ ይታያል። በጥንቱ ሥርዓት የዕለቱ ወንጌል ማቴዎስ 4፥1-11፣ የጌታ በዲያብሎስ መፈተን ነው። ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ መዝሙር 90ን (በዕብራውያን ቁጥር 91) ይጠቅሳል፦ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል፣ በእጃቸውም ያነሡሃል ይላል። ጥቅሱ ግን ጎዶሎ ነው፤ በመካከል ያለውን "በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ" የሚለውን ዘሎታል። እንግዲህ የዚያን ዕለት ግራዱዋሌ ተመልከቱ፦ "አንጄሊስ ሱዊስ" ብሎ ይጀምርና ይህንኑ ቃል ሳይቆርጥ ሙሉውን ያዜማል። ወንጌሉ ገና ሳይነበብ ዲያብሎስ የሚዘለው ቃል በምእመናን ጆሮ ውስጥ ገብቷል።

በዚያም አያበቃም። በጾም አሌሉያ ስለማይባል ትራክቱስ የሚባለው ረጅም መዝሙር ይተካዋል፤ የዚያ ዕለቱ ትራክቱስ የመዝሙር 90ን አብዛኛውን ክፍል ይዘምራል። ፈታኙ ሊጠቅሰው ያልደፈረውን ቀጣዩን ቁጥር፣ እባቡንና ዘንዶውን ስለ መርገጥ የሚናገረውንም ይዘምራል። የመግቢያው፣ የመባው፣ የቁርባኑም መዝሙር ከዚሁ መዝሙር የተወሰዱ ናቸው። ሰባኪው አንድም ቃል ሳይናገር ቅዱስ መጽሐፍን ቆርጦ የሚጠቅስ ሁሉ በዜማ ተመልሶለታል። እኛም ከዐውዱ የወጣ አንድ ጥቅስ ይዘን ስንከራከር ይህን እሑድ ብናስታውስ መልካም ነበር።

ስለ አሌሉያ ደግሞ ቅዱስ አውግስጢኖስን እናዳምጥ። መዝሙር 32ን ሲተረጉም አጫጆችንና ወይን ለቃሚዎችን ይጠቅሳል፤ በቃላት መዝፈን ይጀምራሉ፣ ደስታው ሲበዛባቸው ግን ቃሉን ትተው በድምፅ ብቻ ይፈነድቃሉ። ልብ የተሸከመውን ምላስ መናገር ሲያቅተው የሚወጣ እልልታ ነው ይላል። በአሌሉያ መጨረሻ ላይ ያለ ቃል የሚፈስሰው ረጅም ዜማም ዩቢሉስ ይባላል። በአዝመራ ቦታ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዜማው ከቃሉ ጋር ምን ያህል እንደሚታዘዝ ለማየት የልደትን ሁለት መግቢያዎች አስተያዩ። በእኩለ ሌሊቱ ቅዳሴ "እግዚአብሔር አለኝ፦ አንተ ልጄ ነህ፥ እኔ ዛሬ ወለድሁህ" የሚለው የመዝሙር 2 ቃል በጥቂት ድምፆች መካከል፣ ዝቅ ብሎ ይዘመራል። ወልድ ከአብ የሚወለድበትን ምሥጢር ማን ጮኾ ይናገረዋል? በቀኑ ቅዳሴ ግን "ሕፃን ተወልዶልናል" የሚለው የኢሳይያስ ቃል በመጀመሪያው ቃል ላይ አምስት ድምፅ ወደ ላይ ይዘላል፤ ምሥራቹ አሁን ለዓለም ወጥቷልና። ትንሣኤም እንዲሁ ያስደንቃል። የፋሲካው ቅዳሴ መግቢያ ከመዝሙር 138 ነው፦ "ተነሣሁ፥ እኔም ገና ከአንተ ጋር ነኝ"። ከበሮና መለከት የሚጠብቅ ሰው ግር ሊለው ይችላል፤ ዜማው በጠባብ ክልል ውስጥ በእርጋታ ይመላለሳል። ሞትን ድል የነሣው ልጅ ከማንም አስቀድሞ አባቱን ያነጋግራል። እኛ ከዚያ በኋላ እልል እንላለን።

ሴኩዌንሲያ የሚባሉት በግጥም የተደረሱ መዝሙራት በመካከለኛው ዘመን እጅግ በዝተው ነበር፤ የ1570 መጽሐፈ ቅዳሴ አራቱን ብቻ አስቀረ፣ "ስታባት ማተር" በ1727 ተጨመረች። ጎርጎርዮሳዊው ዜማም የላቲን ቤተ ክርስቲያን ብቸኛ ዜማ አይደለም። የቅዱስ አምብሮስዮስ ስም ያለው የሚላኖ ዜማ ዛሬም ይዘመራል። የጥንቷ ስፔን ዜማ ዕጣ ግን ያሳዝናል፤ በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮም ሥርዓት ተተካ። በሊዮን ካቴድራል ያለውን የመሰሉ ውብ መጻሕፍት ቀሩ፣ ምልክቶቻቸው ግን መስመር የላቸውምና ከጥቂቶቹ በስተቀር ዜማዎቹን የሚያነብ የለም። መጽሐፉ ተጠብቆ የሚያውቀው አፍ ጠፋ።

ጎርጎርዮሳዊው ዜማም ወደዚያ ሊያመራ ይችል ነበር። ከ1833 ጀምሮ ዳግም በተቋቋመው በሶሌም ገዳም መነኮሳቱ የጥንት ጽሑፎችን እያነጻጸሩ መልሰው አቀኑት፤ ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 10ኛ በ1903 ደገፉት፤ የቫቲካን ግራዱዋሌ በ1908 ታተመ። በ1979 የወጣው ግራዱዋሌ ትሪፕሌክስ ከመስመሩ ዜማ በላይና በታች የጥንቶቹን ኔውማዎች አብሮ አትሟል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ይህ ዜማ በሮማ ሥርዓተ አምልኮ ቀዳሚ ስፍራ እንዲኖረው፣ ለትንንሽ አብያተ ክርስቲያናትም ቀለል ያለ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ጠየቀ።

በአገራችን ካቶሊካውያን መካከል በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱም በላቲን ሥርዓት የሚቀድሱም አሉ። ይህን የምጽፈው የቅዱስ ያሬድን ልጆች ላቲን እንዲያዜሙ ለማስገደድ አይደለም። በላቲን ሥርዓት ላሉት መዘምራን ግን አንድ ወንድማዊ ቅሬታ አለኝ፦ ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ የሚመጣውን የዳዊት መዝሙር በወደዳችሁት መዝሙር አትተኩት፤ አታሳጥሩትም። ላቲኑንም መቅመስ ለሚፈልግ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1974 ለጳጳሳት የላኩት "ዩቢላቴ ዴኦ" የተባለ ትንሽ መጽሐፍ አለ። ምእመናን ሁሉ ሊያውቋቸው የሚገቡትን ቀላል ዜማዎች ይዟል፤ ከ"አኙስ ዴይ" ጀምሩ፣ አጭርና ለማንም ጉሮሮ የሚመች ነው። የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ሲደርስ ደግሞ በዋዜማው መዝሙር 90ን በቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ማቴዎስ 4ንም አስከትሉ።